ስለ ጽዋ ማኅበር፤ ማኅበር የሚገባ ሰው ምን እንደሚቀበል



ለኢዮቤልዩ በዓላችን መታሰቢያ በሚታተመው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ጥቂት ቃል እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ፥ ስለ ምን ልጻፍ ብዬ ብዙ አሰብሁ። የሕንፃው ሥራ፥ የታቦቱ አገባብ፥ ደብሩን ያስተዳደሩት አለቆች ተራ በሌሎች ወንድሞች እጅ ተጽፏል። እኔ ደግሞ በየቤቱ ሲዞር ስለሚኖረው ነገር፥ ይኸውም ስለ ጽዋ ማኅበር ልጽፍ ወደድሁ። ማኅበሮቻችን እንደ ደብሩ ያለ መዝገብ የላቸውም። ሥርዓታቸው በሽማግሌዎች አፍ ነው፤ ሽማግሌው ሲሞት ከቃሉ እኩሌታው አብሮት ይቀበራል።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ሌላም ምክንያት አለ። ባለፈው ዓመት አንድ ጎልማሳ ከቅዳሴ በኋላ ወደኔ መጥቶ፥ «የኔታ፥ ከቅዱስ ሚካኤል ማኅበር ልገባ አስቤ ነበር፤ በወር ስንት ነው የሚከፈለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ክፉ ጥያቄ አይደለም። ዛሬ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ከመግባቱ በፊት ዋጋውን ይጠይቃል፤ ልባምነትም ነው። ነገር ግን መልሱ በአንድ ቃል አልወጣ አለኝ። «ቆይ፥ እነግርሃለሁ» ብዬ አሰናበትሁት። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጎልማሳ የዘገየ መልስ ነው፤ ሌላውም ምእመን አብሮ ቢያነበው አይጎዳም።

አስቀድመን ስሙን እንይ። ማኅበር የሚለው ቃል ኀበረ ከሚለው ከግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ኀበረ ማለት አንድ ሆነ፥ ተባበረ፥ ተስማማ ማለት ነው። ኅብረት የሚለውም ከዚሁ ነው። እኛ የቅኔ ሰዎች አንዱ ቃል ሁለት ምስጢር ይዞ ሲገኝ ኅብር እንለዋለን፤ ሁለቱ ምስጢር በአንድ ቃል ቤት አብረው ያድራሉና። በገዳም የሚኖሩ መነኮሳት በጠቅላላው ማኅበር ይባላሉ። እኛ አሁን የምንናገርለት ግን በአንድ ቅዱስ ስም፥ በወር አንድ ቀን፥ በተራ ከየቤቱ እየተሰበሰበ ዳቦ ቆርሶ ጽዋ የሚጠጣውን ነው። ጽዋ ማለት በግእዝ መጠጫ ማለት ነው፤ ስለዚህ በአገራችን እገሌ «ማኅበር ይጠጣል» ይባላል። ይህን አነጋገር የሰማ የውጭ አገር ሰው ነገሩ ሁሉ መጠጥ ቢመስለው አይፈረድበትም፤ ከኛም መካከል እንዲሁ የመሰለው አለና።

በአንድ ቤት ተሰብስቦ በእግዚአብሔር ስም መብላት ከኛ አልተጀመረም። ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ እንደ ጻፈው፥ በኢየሩሳሌም የነበሩት የመጀመሪያዎቹ ምእመናን በመቅደስ እየጸለዩ በየቤታቸውም እንጀራ ይቆርሱ ነበር። ብዙ ዓመታት ሳይቆዩ ግን በቆሮንቶስ ነገሩ ተበላሸ። አንዱ ቀድሞ በልቶ ይሰክራል፤ ሌላው ተርቦ ይቀመጣል። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያው መልእክቱ፥ በ11ኛው ምዕራፍ የገሠጻቸው ስለዚህ ነው። እንግዲህ የማኅበር ፈተና ከማኅበር ጋራ አብሮ የተወለደ ነው።

ከዚያም በፈረንጆች አቈጣጠር በ112 ዓ.ም. ገደማ፥ በታናሽ እስያ ቢታንያ በተባለች አገር የሮም ገዥ የነበረው ፕሊኒ ስለ ክርስቲያኖች ወደ ንጉሡ ወደ ትራያኖስ ደብዳቤ ጻፈ። መርምሮ ያገኘው ነገር ይህ ነው። ክርስቲያኖች በተወሰነ ቀን ከመንጋቱ በፊት ተሰብስበው ለክርስቶስ ይዘምራሉ፤ እንዳይሰርቁ፥ እንዳያመነዝሩ፥ የተቀበሉትን አደራ እንዳይክዱ በመሐላ ይተሳሰራሉ፤ ከዚህ በኋላ ተለያይተው ምግብ ለመብላት እንደ ገና ይሰበሰባሉ። ምግቡም እንደ ማናቸውም ሰው ምግብ ያለ ነውር የሌለበት ምግብ መሆኑን መሰከረ። ነገር ግን ማኅበር ማቋቋም በንጉሡ ትእዛዝ ተከልክሎ ነበርና ያን አብሮ መብላት ትተውት ነበር። ትራያኖስ ማኅበር የተባለን ነገር ሁሉ እጅግ ይፈራ ነበር። በኒቆሞድያ ከተማ ትልቅ እሳት ተነሥቶ ብዙ ቤት በበላ ጊዜ፥ ያው ገዥ እሳት የሚያጠፉ የ150 ሰዎች ማኅበር ይቁም ብሎ ቢለምነው፥ በማናቸውም ስም ቢሰበሰቡ መጨረሻቸው ሁከት ነው ብሎ ከለከለው። የሰዎች መተሳሰር ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከወዳጅ ይልቅ ባላጋራ ቀድሞ ያውቃል።

ለኛ ይልቁንም የሚቀርበን በሲኖዶስ መጽሐፋችን ውስጥ የሚገኘው ነው። ሊቃውንት የሐዋርያት ትውፊት ብለው የሚጠሩት ጥንታዊ የሥርዓት መጽሐፍ በግእዝ ተተርጕሞ በሲኖዶስ ውስጥ ገብቷል። በዚያ ስለ ምእመናን የማታ ማዕድ ተጽፏል፤ ሲመሽ ዲያቆኑ መብራት ይዞ ሲገባ ኤጲስ ቆጶሱ የሚያደርሰው ምስጋና አለ። ይህ የመብራቱ ክፍል በላቲኑና በቅብጡ ትርጓሜ የለም፤ በግእዙ ግን ተጠብቆ ይገኛል። ስለዚህም የውጭ አገር መርማሪዎች ወደ ግእዙ ይመጣሉ። በዚያ ማዕድ የሚሰጠው እንጀራ በረከት መሆኑ፥ ሥጋ ወደሙ ግን አለመሆኑ ተለይቶ ተነግሯል። የተጠሩትም በልክ እንዲበሉና እንዲጠጡ፥ እንዳይሰክሩ፥ የጠራቸውም ሰው በነሱ ጥፋት እንዳያዝን ታዟል። ከማኅበሩ አንድ ወር ሳይቀር ከቅዱስ ቁርባን ግን ዕድሜውን ሁሉ ርቆ የሚኖር ምእመን በደብራችን አለ። ካህናት ወንድሞቼ፥ ይህን ሰው እኔም እናንተም እናውቀዋለን፤ ጽዋውን ስንባርክለት ይህን ልዩነት ነግረነው እናውቃለንን?

በ4ኛው ምዕተ ዓመት በሎዶቅያ የተሰበሰቡት አባቶች በ28ኛው ቀኖናቸው እንዲህ ያለው ማዕድ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳይደረግ ከለከሉ። በአገራችንም ማኅበሩ በየቤቱ ነው፤ ሰንበቴውም በራሱ ቤት ነው፤ በቅኔ ማኅሌት ውስጥ ጠላ የሚቀዳ የለም።

የማኅበራችን መሠረት የወር በዓል ነው። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. በነገሡበት ዘመን 33ቱ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ፥ ተአምረ ማርያምም በበዓላቱ እንዲነበብ ሥርዓት ሠሩ። በዓመት ከሚከበረው ታላቅ በዓል ሌላ በየወሩ የሚታሰቡት ቀኖች በሕዝቡ ዘንድ እጅግ የታወቁ ናቸው። በ5 አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፥ በ7 ሥላሴ፥ በ12 ቅዱስ ሚካኤል፥ በ16 ኪዳነ ምሕረት፥ በ19 ቅዱስ ገብርኤል፥ በ21 እመቤታችን፥ በ23 ቅዱስ ጊዮርጊስ፥ በ24 አቡነ ተክለ ሃይማኖት፥ በ27 መድኃኔ ዓለም፥ በ29 በዓለ ወልድ ነው። ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ እንኳ ብድሩን «ለማርያም እከፍልሃለሁ» ቢል በ21 ማለቱ እንደ ሆነ ሁሉ ያውቃል። የኛ ማኅበር በ12 ነው። ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ናትና 12 የላትም፤ ስለዚህ የዓመቱ ተራ ልክ 12 ይሆናል። እኛም 12 ነን። ይህን ቍጥር የሐዋርያት ምሳሌ ነው የሚሉ አሉ፤ ይሁን፤ ለቤት ወጪ ሲታሰብም የተመቸ ነው። ከኛ የበዙ ማኅበሮች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይደግሳሉ፤ ወይም ተራው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል።

በኅዳር 12 ስንክሳር የዱራታዎስና የሚስቱ የቴዎብስታ ታሪክ ይነበባል። እነዚህ ባልና ሚስት በየወሩ በ12 የቅዱስ ሚካኤልን ዝክር ያደርጉ ነበር። የረኃብ ዘመን መጥቶ ገንዘባቸው ሲያልቅ ዝክሩ እንዳይታጐል ልብሳቸውን ሽጠው በግ ሊገዙ ወሰኑ፤ መልአኩም ደረሰላቸው፥ በዓሣ ሆድ ውስጥም ወርቅ አገኙ። ይህን ታሪክ ከማኅበርተኞች መካከል ያልሰማው የለም። ወደ ኋላ ስለምመለስበት አንባቢ በልቡ ያኑረው።

ማኅበርን ከሌሎች መሰሎቹ መለየትም ይገባል፤ ያ ጎልማሳ ስለ ክፍያ የጠየቀኝ ከሌሎቹ ጋራ ቀላቅሎት ይመስለኛል። ሰንበቴ በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚደረግ፥ ካህናቱና ነዳያን የሚመገቡበት ሰፊ ማዕድ ነው። እቁብ የገንዘብ ነው። እድር የቀብርና የሐዘን መረዳጃ ነው፤ በአዲስ አበባ የተስፋፋውም በ20ኛው ምዕተ ዓመት ነው። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ስለነዚህ መረዳጃዎች ጽፈዋል። የሰበካ ጉባኤ አባልነትም በ1965 ዓ.ም. በወጣው በቃለ ዓዋዲ የተደነገገ፥ መዝገብና አስተዋፅኦ ያለው የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው። በነዚህ ሁሉ ሰው የታወቀ ነገር ሰጥቶ የታወቀ ነገር ይቀበላል። በማኅበር ግን እንዲህ ብሎ መቍጠር አይቻልም፤ ለምን እንደማይቻል ከራሴ ታሪክ ልናገር።

እኔ ማኅበርን አስቀድሜ ያወቅሁት ከደጅ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በጎጃም ቅኔ ስቈጥር ደበሎ ለብሼ፥ አኩፋዳ አንግቤ፥ ለውሻ መመከቻ ዱላ ይዤ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ እለምን ነበር። የተማሪ ቀን መቍጠሪያ የማኅበር ቀን ነው፤ በ12 ከማን ቤት፥ በ21 ከማን ቤት ዳቦ እንደሚቆረስ ከባለቤቱ ይልቅ እኛ እናውቃለን። አንድ ቀን አንዲት እናት ከሌላው ቀን የሚበልጥ ቍራሽ አምጥታ በአኩፋዳዬ ጨመረችልኝ። ስለ ምን እንዲህ አበዙልኝ ብዬ ብጠይቃት፥ «የሞተ ማኅበርተኛ ድርሻ ነው። ልጁ አድጎ እስኪገባ ድረስ ድርሻው ይቆረስና ለተማሪ ይሰጣል» አለችኝ። በልቼ ሄድሁ። የዚያን ጊዜ ያየሁት ዳቦውን ብቻ ነው፤ ሰሙን በልቼ ወርቁን ከደጅ ትቼው ሄድሁ ማለት ነው።

በ1984 ዓ.ም. አባቴ ዐረፈ። የ40 ቀኑ ተዝካር ካለፈ በኋላ የማኅበሩ አለቃ፥ በአገራችን ሙሴ የምንለው፥ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋራ ወደ ቤታችን መጣ። «የአባትህ ስፍራ ባዶ ነው» አለኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም። ከትምህርት ቤት ከተመለስሁ ገና ጥቂት ወራት ነበርና በልቤ እንዲህ አልሁ፦ እነዚህ ገበሬዎች የተማረ ሰው አገኙ፤ ድርሳኑን የሚያነብላቸው፥ ምስጢሩን የሚተረጕምላቸው አገኙ። ሲመጡ እነሱ የሰጡኝ ሳይሆን እኔ የሰጠኋቸው መሰለኝ።

አገባቡ እንዲህ ነበር። በተራው ቤት ተሰበሰብን። የማኅበሩ ቄስ አቡነ ዘበሰማያት አድርሶ ዳቦውን ባረከ፤ ከሁሉ በፊት የነዳያን ድርሻ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ። እኔ ከበሩ አጠገብ እንደ ቆምሁ ሙሴው ሦስት ነገር ጠየቀኝ። ከዚህ ከተቀመጡት የተጣላኸው አለን? ተራህ ሲደርስ ቢኖርህም ባይኖርህም በልክህ ትቀበላለህን? በዚህ ቤት የሰማኸውን በሌላ ቤት አታወራምን? ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀላል መሰለኝ፤ አንደኛውን ግን ጥያቄ ነው ብዬ እንኳ አልቈጠርሁትም። ሁሉንም መለስሁ፤ ጽዋውን ተሳልሜ ጠጣሁ፤ ከአባቴ ስፍራ ተቀመጥሁ። በማታውም ተረኛው ጽዋውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ፥ ሴቶቹ እልል እያሉ፥ ወደ ቤቱ ይዞት ሄደ።

ሦስት ዓመት ያህል በሰላም ተቀመጥሁ። ከዚያ በኋላ በድንበራችን ላይ ስለ ተተከለ ባሕር ዛፍ ከአንድ ጎረቤቴ ጋራ ተጣላሁ፤ እሱም ማኅበርተኛ ነው። የድንበር ጠብ በገጠር ያለ ነው። እኔ ግን በጠቡ ላይ አንድ ነገር ጨመርሁበት። የቅኔ ተማሪ ምላሱ እንዴት እንደሚሳል ታውቃላችሁ፤ ጎረቤቴን የሚነካ፥ ላዩ ምስጋና ውስጡ ስድብ የሆነ ሁለት መስመር ገጥሜ በሠርግ ቤት ተናገርሁ። ሰው ሳቀ። በሳምንቱ ልጆች ከብት ሲጠብቁ ይሉት ጀመር፤ የሰውዬው የራሱ ልጅም በእረኞች መካከል ቆሞ ሰማ።

ግንቦት 12 ቀን ማኅበሩ ተሰበሰበ። ድርሳኑን አነበብሁ፤ ቄሱም ባረከ፤ የነዳያኑ ድርሻ ወጣ። ጽዋው ከሙሴው እጅ ተነሥቶ ወደኔ ሊዞር ሲል ሽማግሌው ጨርቁን መልሶ ሸፈነውና ከጕልበቱ ላይ አስቀመጠው። «ልጄ፥ አንተ ድርሳኑን ታነባለህ፤ እኔ ፊደል አላውቅም። ነገር ግን ይህ ጽዋ በሁለታችሁ መካከል የሚያልፍበት መንገድ የለውም» አለኝ። እኔም ተነሥቼ ድንበሩ የአባቴ እንደ ሆነ፥ ምስክርም እንዳለኝ ተናገርሁ። «ድንበሩ ያንተ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ለዳኛ ነው። እኛ የምንጠይቅህ ስለ ቃሉ ነው» አለ።

ዝም ብለን ተቀመጥን። ዳቦው ተቆርሶ በመሶቡ ላይ ደረቀ፤ የጠላው አረፋ ወደቀ። ከደጅ ያሉት ነዳያን ድርሻቸውን በልተው ሲመርቁ ይሰማናል፤ በዚያ ቀን በቅዱስ ሚካኤል ስም የበሉ እነሱ ብቻ ነበሩ። የቤቱ እመቤት ሁለት ሳምንት የደከመችበት ድግስ በኔ ምላስ ቆመ። ማንም አልቈጣኝም፤ ቢቈጡኝ ይቀልለኝ ነበር። መሸ። የቤቱ ልጅ ኩራዝ አብርታ ገባች፤ መብራቱም ከማኅበርተኞቹ ፊት ላይ ሲያርፍ የሲኖዶሱ የማታ ማዕድ ትዝ አለኝ። ያን ክፍል ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሰው ሲቀመጥበት ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ከደጅ ወጥቼ ድንጋይ አንሥቼ በትከሻዬ ተሸከምሁና ወደ ጎረቤቴ ቀረብሁ። ከእግሩ ሳልደርስ ተነሥቶ ድንጋዩን አወረደልኝ። «ልጄ ሰምቶታል» ብቻ አለ። በማግሥቱ ወደ ቤቱ ሄጄ በልጁ ፊት ዳግመኛ ይቅርታ ለመንሁ፤ ይህም ከድንጋዩ ይልቅ ከበደኝ።

በ1993 ዓ.ም. ልጄ በሌሊት በታመመች ጊዜ በቃሬዛ ተሸክመው ሐኪም ቤት ካደረሷት አራት ሰዎች አንዱ ያ ጎረቤቴ ነበር። ባሕር ዛፉ እስከ ዛሬ አለ፤ ስለ ድንበሩም ገና አልተስማማንም።

ስለ ድግሱ ደግሞ የተሰወረውን ልናገር። ማኅበርተኛው ባል ይባላል፤ ጌሾውን የምትወቅጠው ግን ሚስት ናት። ብቅሉ ይበቅላል፥ ደርቆ ይፈጫል፤ ጋኑ ይታጠናል፤ ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፤ አሻሮው ተቈልቶ ድፍድፉ ይደፈደፋል፤ ከዚያም የዳቦው ሊጥ፥ የእንጨቱ ለቀማ፥ የውኃው ቅዳት አለ። ባልየው በዚያ ቀን ነጭ ለብሶ «ግቡ፥ ግቡ» ይላል። ስለዚህ ማኅበር ልግባ የሚለኝን ሰው ሁሉ አስቀድሜ ሚስትህን ጠይቀሃልን እለዋለሁ። ሴቶቹም ራሳቸው በ21 የእመቤታችንን ማኅበር ይጠጣሉ። እውነቱን ለመናገር የነሱ ማኅበር ከኛ ይልቅ ሕሙም በመጠየቅ፥ አራስ በማረስ የበረታ ነው፤ ቅጣት ሳይጣልባቸው ይገኛሉ።

በ1989 ዓ.ም. በማኅበራችን አንድ ነውር ሆነ። ከመካከላችን አንዱ፥ መከሩ የጠፋበት ሰው፥ ተራው በደረሰ ጊዜ አንድ በሬውን ሸጦ ደገሰ። ሥጋው፥ ጠጁ ሞልቶ ነበር። እኛም በላን፤ አመሰገንን፤ ከወዴት አመጣኸው ያለው ሰው አልነበረም። ክረምት ሲገባ በአንድ በሬ ማረስ አልቻለም። ያን በሬ ሁላችንም በላነው። ሲጠየቅ፥ «ዱራታዎስ ልብሱን ሊሸጥ አልተነሣምን?» ብሎ መለሰ። ይህንን ታሪክ ያነበብሁለት እኔ ነኝ፤ ደግሜ ብመረምረው ግን ዱራታዎስና ቴዎብስታ ያበሉ የነበሩት ድኾችን ነው። እኛ የበላነው ግን እርስ በርሳችን ነው፤ ልብስም እንደ በሬ እርሻ አያርስም። በዚያ ክረምት እያንዳንዳችን ጥማድ ይዘን ወጥተን መሬቱን አረስንለት። በመስከረምም ተሰብስበን ዳቦ፥ ጠላና ንፍሮ ብቻ እንዲሆን፥ ሥጋና ጠጅ ያቀረበ እንዲቀጣ ወሰንን። ውሳኔውን ሁሉ አልወደደውም፤ የባለጠጋው ማኅበርተኛ ፊት ለአንድ ዓመት ያህል ጠቍሮ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ተራው ሲያስብ እንቅልፍ ያጣ ሰው አላየሁም።

በ2012 ዓ.ም. ስለ ኮሮና ወረርሽኝ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጥቶ መሰብሰብ በተከለከለ ጊዜ ማኅበራችንም ሳይሰበሰብ ቀረ። ተረኛው ግን በየወሩ ዳቦ እየጋገረ ለነዳያንና ለየማኅበርተኛው ቤት ይልክ ነበር፤ ተራው አልተቋረጠም። ከዚያ ወዲህ ጽዋው ከተባረከ በኋላ ለእያንዳንዱ በየመጠጫው ይቀዳል። ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ ይህ ጽዋውን ያፈርሰዋል ብለው አዘኑ። እኔ ግን አልመሰለኝም፤ አፍ ለአፍ መነካካቱ አይደለምና የሚያስተሳስረን። በአሜሪካና በአውሮጳ የሚኖሩ ወገኖቻችንም በቀኑ ሥራ ላይ ስለሚውሉ ወደ ቅዳሜ ወይም ወደ እሑድ እያዞሩ ይጠጣሉ፤ እሱም መልካም ነው። ያልወደድሁት ተራውን በገንዘብ ሰጥቶ ከቤቱ እንዳይገቡበት የሚለውን ነው። ማኅበርተኛ የባልንጀራውን ቤት ካላየ፥ ጣራው ማፍሰሱን፥ ልጁ መክሳቱን፥ ጋኑ ባዶ መሆኑን በምን ያውቃል?

እንግዲህ ወንድሜ፥ ስንት ነው ላልኸኝ ሒሳቡ ይህ ነው። ከ12ቱ ወር በአንዱ ታበላለህ፥ በ11ዱ ትበላለህ፤ በዚህ ብቻ ብታየው ትርፍ ነው። ነገር ግን ከ11 ሰዎች አንዱ ሲታመም ትጠይቃለህ፤ ሲሞት መቃብር ትቈፍራለህ፤ ልጁ እስኪያድግ ድርሻውን ትቈርሳለህ። የተጣሉትን ሳታስታርቅ አትበላም፤ አንተም ከተጣላህ ሌላው ባንተ ምክንያት ተርቦ ያድራል። ይህም በአንድ ዓመት ተከፍሎ አያልቅም። በኢዮቤልዩ ዓመት በብሉይ ሥርዓት የተሸጠው መሬት ለባለቤቱ ይመለስ፥ ባሪያውም ነጻ ይወጣ ነበር፤ እኛም ይህን በዓል ስናከብር ብድር ያለበትን ወንድማችንን ብናስበው ደስ ይለኛል። የጽዋው ብድር ግን በኢዮቤልዩም አይሻርም፤ የአባቴን እኔ ይዤዋለሁ፥ የኔንም ልጄ ትጠየቅበታለች።

የኔ ተራ በመጪው ኅዳር 12 ነው። ባለቤቴ ብቅሉን አዘጋጅታለች፤ ጌሾውን በዚህ ዓመት እኔም እወቅጣለሁ ብያለሁና ልጆቼ ስቀውብኛል። የመጣህ እንደ ሆነ በመጀመሪያው ቀን ምንም አትጠየቅም፤ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠህ ታያለህ። ጎረቤቴም ይገኛል።